የቀይ ባሕር ዓሣ ቋንጣ

ዓሣ ዘመድ ያለው ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም ነበር። ለእኔ ዓሣ ሁለት ዓይነት ነው፤ የተጠበሰና ገና ያልተጠበሰ። ይህን እምነቴን ያስጣሉኝ፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብልቃጥ አጣቢና አይጥ ቀላቢ ሆኜ ስሠራ አለቃዬ የነበሩት ዶክተር ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሲቆጡም አይቻቸዋለሁ።

እንደ ዶክተሩ አባባል፣ በማንኛውም ፍጡር ሥጋ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ጉልበት አመንጪ ነገር አለ። እዚያ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የዘር ጽሑፍ ተጽፏል። ፊደላቱ አራት ብቻ ናቸው፤ ግን እየተደጋገሙ ዓሣ ላይ ወደ አሥራ ስድስት ሺህ ገደማ ይደርሳሉ። ይህ ጽሑፍ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ አባት እጁ የለበትም። ፊደላቱን አንድ በአንድ አንብቦ ከሌሎች ዓሦች ጋር ያስተያየ ሰው፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ከማን እንደተለያየ ማወቅ ይችላል። እኔ ይህን ሲነግሩኝ ራሴን እየነቀነቅሁ ብልቃጥ አጥብ ነበር። ራስ መነቅነቅ ደመወዝ ከሚከፈለኝ ሥራዎች አንዱ ነበር።

ዶክተሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ ቀላ ያለ፣ ክንድ በሚያህል፣ ዓይኑ በፈጠጠ የቀይ ባሕር ዓሣ ነው። የባሕር ማዶ ሊቃውንት «እሱማ የእገሌ ዓሣ ወንድም ነው» ይላሉ፤ ዶክተሩ «አይደለም፣ በእናቱ ሌላ ነው» ይላሉ። ክርክሩን የሚፈታው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው። ማንበቢያው ግን ባሕር ማዶ ነው፤ ባሕር ማዶ ለመሄድ ደግሞ በዚያን ጊዜ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ዶክተሩ ማመልከቻ ሲጽፉ ፀጉራቸው ሸበተ። በመጨረሻ ለሁለት ወር ተፈቀደላቸው። በረራቸው ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ዓሣው ከአሰብ መምጣት አለበት፣ ሥጋው ከበሰበሰ ደግሞ ጽሑፉም አብሮ ይበጣጠሳል። ሁለተኛ ፈቃድ እንደማይገኝ እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር።

ዓሣውን ለማምጣት የተመረጥሁት በችሎታዬ አይደለም። የሌላው ሰው ሁሉ ስም ለስብሰባ ተይዞ ነበር።

ዶክተሩ ሁለት ትእዛዝ ሰጡኝ። አንደኛ፣ ዓሣውን ከበረዶ እንዳትለየው። ሁለተኛ፣ በረዶ ከጠፋ ጉበቱን ቆርጠህ በዚህ ጠርሙስ አልኮል ውስጥ ክተተው። አሰብ ደረስሁ፣ አጥማጆቹ ዓሣውን አወጡልኝ፣ በረዶ ገዛሁ። የአልኮሉን ጠርሙስ ደግሞ በምንም ዓይነት እንዳልረሳው ብዬ አልቤርጎ ውስጥ ትራስ ሥር ከተትሁት። እስከ ዛሬ እዚያው ሳይኖር አይቀርም።

የመጣሁት በጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ጋሽ ተካ የሚባሉ፣ የአሰብን መንገድ ከነጉድጓዱ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። የይለፍ ወረቀቴ ላይ ስሜ፣ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና «አንድ ዓሣ፣ ለምርምር» የሚል ተጽፏል። ከዚያ መኪና ወርጄ ሌላ መኪና ብይዝ ኬላው አያሳልፈኝም ማለት ነው። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፤ ሳጥኑን አቅፌ፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ በጉልበቴ እየተቀበልሁ ነው የመጣሁት። ኮምቦልቻ ላይ በረዶ አደስሁ። «እንግዲህ አዲስ አበባ ገባን ማለት ነው» አልሁ። ይህን ባልል ኖሮ ምን ነበረበት።

ቅዳሜ ጠዋት ጀውሃን እንዳለፍን የመኪናው ባሌስትራ ተሰበረ። እያነከስን ሸዋ ሮቢት ገባን። ጋሽ ተካ ወርደው ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ባሌስትራው እዚህ አይገኝም፤ ኮምቦልቻ መመለሴ ነው» አሉ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ካገኘሁ ነገ።»

«ዓሣውስ?»

«ዓሣው ባሌስትራ አይሆንልኝ፤ ምን ላድርገው?»

የሸዋ ሮቢትን ሙቀት የማያውቅ ሰው ካለ፣ በጠዋቱ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተለጥፎ የሚሄድ ሕዝብ ያስብ። ሳጥኔን ከፈትሁት፤ የኮምቦልቻ በረዶ ውሃ ሆኗል፤ ዓሣው ተንሳፍፏል። ተሸክሜው ከተማውን መዞር ጀመርሁ። አንድ ቡና ቤት በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ አለ አሉኝ። ባለቤቷ ሳጥኑን አሽትታ «ደንበኞቼ ቢራ እንጂ ሾርባ አይጠጡም» አለችኝ፤ በዚያ ላይ ላምባው ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። ክሊኒኩ ሄድሁ። ጤና ረዳቱ ያለችው ትንሽ ፍሪጅ የሕፃናት ክትባት እንደሞላባት በትሕትና አስረዳኝ። እውነቱን ነው፤ ከሕፃንና ከዓሣ እኔም ሕፃን እመርጣለሁ። ዞር ስል ግን «ለመሆኑ ዓሣውን ምን አመመው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዞሬ ዞሬ ስደክም ጋሽ ተካ ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ መኪና ላይ ከመሳፈራቸው በፊት ወዳጃቸው ቤት አስገቡኝ። ጋሽ ሰይድ ማሾና ሽንኩርት የሚነግዱ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ይባላሉ። ጋሽ ተካ በጆሮዬ፣ «ሮቢት ውስጥ አደራ የሚቀመጠው ዘሃራ ዘንድ ነው። አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው የቤቱን ሰነድ፣ የምትወልድ ሴት የጆሮ ወርቋን ለእሳቸው ትሰጣለች። አንድም ቀን አደራ ጠፋ አልተባለም» ብለውኝ ሄዱ።

ጋሽ ሰይድ አረፍ እንዳልሁ ሳጥኑን አይተው፣

«ቢስሚላህ። ምንድን ነው የያዝከው ልጄ?» አሉኝ።

«ዓሣ ነው ጋሼ። ዘሩ ሊጣራ ወደ አዲስ አበባ እየወሰድሁት ነው።»

የዘር ነገር ሲነሳ ደስ አላቸው። ጣታቸውን እያጠፉ «ሰይድ እንድሪስ፣ እንድሪስ ሙሔ፣ ሙሔ አሊ» ብለው እስከ ሰባት ቤት ወረዱልኝ፤ ሰባተኛው አሊዩ አምባ ገበያ የጨው ነጋዴ የነበረ ነው። ከዚያ፣

«ያንተ ዓሣ ስንት አባት ይቆጥራል?» አሉኝ።

«በአባት አይደለም ጋሼ፤ በእናት ብቻ ነው የሚቆጠረው።»

አዘኑልኝ። «በእናትማ የት ይደርሳል? የእናት ዘር ይጠፋል እኮ።»

እትዬ ዘሃራ ከጓዳ ሆነው፣ «የእናት ዘር የሚጠፋው ቆጣሪ ስለሌለው ነው። የሚቆጥር ከተገኘማ ዓሣውም ታድሏል» አሉ። ጋሽ ሰይድ ከዚያ በኋላ ስለ ሽንኩርት ነው ያወሩት።

ዓይኔ አልከፈት ሲል እትዬ ዘሃራ መደቡ ላይ አነጠፉልኝ። እንቢ አልሁ፤ ሳጥኔን ማን ይጠብቃል? በመጨረሻ እንቅልፍ አሸነፈኝና ሳጥኑን በሁለት እጄ አቀረብሁላቸው።

«እትዬ፣ አደራዎን። ይህ ዓሣ እንዳይበላሽብኝ። ከተበላሸ እኔም አለቀልኝ፣ የላከኝም ሰው አለቀለት።»

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «አማናህ አማናዬ ነው። ኢንሻአላህ አይበላሽም። ተኛ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ጅልነቴ ትንሽ ልናገር። «እንዳይበላሽ» አልሁ እንጂ እንዴት እንደማይበላሽ አልነገርሁም። «ቢላ እንዳይነካው» አላልሁም። ለዶክተር የማይበላሽ ዓሣ ማለት በበረዶ የተኛ ነው። በቆላ አገር፣ በዚያ ሙቀት ቤት ላቆመች ሴት፣ የማይበላሽ ሥጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ። ግን እኔ እያንኮራፋሁ ነበር።

የነቃሁት ፀሐይ ዘንበል ካለች በኋላ ነው። ወደ ግቢው ወጣሁ። ከቤቱ ጥግ እስከ ሎሚው ዛፍ ድረስ ገመድ ተዘርግቷል። ገመዱ ላይ ቀጫጭን፣ ነጣ ያሉ፣ ጨው የተነሰነሰባቸው የሥጋ ዝልዝሎች በሥርዓት ተሰቅለው በፀሐይ እየደረቁ ነው። ከሥራቸው እትዬ ዘሃራ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሰሌን ማራገቢያ ዝንብ ያባርራሉ። ለአፍታ ያህል የማን ቋንጣ ነው ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ሳጥኔ ባዶውን ተደፍቶ አየሁት።

«ነቃህ? ጠረኑ ሊለወጥ ሲል ደረስሁበት» አሉኝ፤ ፊታቸው በርቷል። «በረዶ አስፈለግሁ፣ የለም። ያለኝ ጨው ነው። ሥጋውን ዘለዘልሁልህ። ጉበቱንና ልቡን ለብቻ በጨው ቀበርሁት። ጭንቅላቱም፣ አንጀቱም፣ ቅርፊቱም አለልህ፤ አንድ ነገር አልጎደለም። በርበሬ ግን አላደረግሁበትም። በሰው አማና ላይ የራሴን ቅመም አልጨምርም።»

አሁን ሳስበው ያ ንግግር በወርቅ መጻፍ የነበረበት ነው። ያኔ ግን ጆሮዬ የሰማው «ዘለዘልሁልህ» የሚለውን ብቻ ነው። የዶክተሩ ሽበት፣ ማመልከቻው ሁሉ፣ ማክሰኞ የሚነሳው አውሮፕላን፣ ሁሉም ገመዱ ላይ ተሰቅሎ ታየኝ። እየሮጥሁ ወደ በሩ ወጣሁ። ቅዳሜ ገበያ ተበትኖ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ጮህሁ።

«አደራዬን አጠፉብኝ! ያገሬ ሰው፣ አደራ ብዬ ብተኛ አደራዬን ገነጣጥለው ሰቀሉብኝ!»

ሰው ቆመ። አህያ እየነዳ የሚሄደውም ቆመ። ከመንገዱ ማዶ በሯ ላይ የቆመች አንዲት ሴት «ዘሃራ ናት?» ስትል ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያን ጊዜ ምን እንደሠራሁ አልገባኝም ነበር። ዞር ስል እትዬ ዘሃራ ተነሥተው ቆመዋል። ዝልዝሎቹን አንድ በአንድ ከገመዱ አውርደው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቀለሉ፤ ጉበቱን፣ ጭንቅላቱን፣ ቅርፊቱን በየመልኩ አስረው ሳጥኑ ውስጥ ደረደሩና እግሬ ሥር አስቀመጡት።

«አማናህ ይኸውልህ» ብለው ገቡ።

እራት ግን ቀረበልኝ። በላሁ፤ ያፈረ ሰው እራት እንዴት እንደሚውጥ ያፈረ ያውቀዋል።

በማግሥቱ ጋሽ ተካ ባሌስትራውን ይዘው መጡ፤ ሳጥኑን ከፍተው አዩና «ለመንገድ ስንቅ ነው?» አሉኝ። ደብረ ሲና ሳንደርስ ኬላው አስቆመን። ጠብመንጃ የያዘው ጠባቂ ወረቀቴን አንብቦ ሳጥኑን አስከፈተኝ።

«ወረቀቱ አንድ ዓሣ ይላል። ይሄ ቋንጣ ነው» አለኝ።

«የዓሣ ቋንጣ ነው፣ ጓድ።»

«ብዙ ነው። አንድ አይደለም።»

«ሲነሣ አንድ ነበር፣ ጓድ።»

«ለምን ጉዳይ ነው የሚሄደው?»

«ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ ሊጣራ።»

በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ለታጠቀ ሰው አይነገርም። ጠባቂው ፊቱ ተለዋወጠ። «የማን ዘመዶች?» አለ። ስለ ሚቶኮንድሪያ ማስረዳት ጀመርሁ። እኔ ባስረዳሁ ቁጥር ጋሽ ተካ መቀመጫቸው ላይ እየወረዱ፣ እየወረዱ ባርኔጣቸው ብቻ ቀረ። በመጨረሻ ሌላ መላ ሳጣ እትዬ ዘሃራ በጨው ያኖሩትን ጭንቅላት ፈትቼ አወጣሁት። ጠባቂውና ዓሣው ዓይን ለዓይን ተያዩ። ረጅም ጊዜ ተያዩ።

«ጭንቅላቱ አንድ ከሆነ ዓሣውም አንድ ነው» አለና አሳለፈን። ያ ሰው ዳኛ ቢሆን ኖሮ አገር ይጠቀም ነበር።

ሰኞ ዶክተሩ ፊት ሳጥኑን ከፈትሁ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ቋንጣው ያው ቋንጣ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ የትራሱን ነገር ሳይቀር። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «ይህን ዓሣ አሥር ዓመት ጠበቅሁት» ብቻ አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ተነሥተው ነጩን ጨርቅ ጠቀለሉት። ሌላ የሚይዙት ነገር አልነበራቸውም፤ ከባዶ እጅ ቋንጣ ይሻላል ብለው ይዘውት ሄዱ።

እዚያ ከደረሱ በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙልኝ። የዶክተሩ እናት ልጃቸው ባሕር ማዶ እንዳይራብ የበሬ ቋንጣ ሻንጣው ውስጥ ጨምረውለት ኖሯል። ቋንጣና ቋንጣ በአንድ ሻንጣ ሲጓዝ ይተዋወቃል። የመጀመሪያው ንባብ ሲወጣ የቀይ ባሕር ዓሣችን የበሬ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የቤተ ሙከራው ሰዎች ለሁለት ቀን «ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ ነገር ተገኘ» እያሉ ሲደነቁ፣ ዶክተሩ ማታ ሊበሉ ያወጡትን ቢቀምሱ ዓሣ ዓሣ አላቸው።

ከዚያ እትዬ ዘሃራ በጨው የቀበሩትን ጉበት አወጡ። ከሁለት ወር በኋላ የተመለሱት ዶክተር ሌላ ሰው ነበሩ። ጠርተውኝ ወንበር ሰጡኝ፤ ወንበር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ተነቧል። ዓሣው በእናቱ ሌላ ነው፤ ሊቃውንቱ ወንድሙ ነው ያሉት ዓሣ ወንድሙ አይደለም፤ እውነተኛ ዘመዶቹ ሕንድ ውቅያኖስ ናቸው።

«ያለ በረዶ በውሃው ውስጥ ቢቆይ ኖሮ እዚህ የሚደርሰው ግማት ነበር» አሉኝ። «ጨውና ፀሐይ ውሃውን መጠጡለት፤ ጽሑፉን ያዳነው እሱ ነው። እኚያን ሴት በእኔ ስም አመስግናቸው።» ይህንኑ በደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡኝ።

ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ በአውቶቡስ ሸዋ ሮቢት ወረድሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የምሥራች ነጋሪ ነኝ አልሁ። ጋሽ ሰይድ በር ላይ አገኙኝ። ሰላምታዬን ተቀበሉ፣ ግን አላስገቡኝም።

«ዘሃራ አማና መቀበል ትታለች» አሉኝ። «ሰዉ አልተዋትም፤ እሷ ናት የተወችው። ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ ‹አማና አጥፊ ተብሎ የተጮኸብኝ ሴት ነኝ፤ ለሌላ ስጡ› ትላለች። ወላሂ፣ ያንተ ዓሣ ከሄደ ጀምሮ ይህ ቤት ባዶ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ ከሳጥኔ ሌላ አላየሁም ነበር። የዶክተሩ የአሥር ዓመት ልፋት ነው ብዬ ስጮህ፣ የእሳቸውን የዕድሜ ልክ ስም ነው መንገድ ላይ ያፈሰስሁት።

እትዬ ዘሃራ ድምፄን ሰምተው ወጡ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። ደብዳቤውን አነበብሁላቸው። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«አማናው ለባለቤቱ ደረሰ?»

«ደረሰ እትዬ። ሳይጎድል ደረሰ።»

«አልሐምዱሊላህ። ዘመዶቹስ ተገኙ?»

«ተገኙ። ሕንድ ውቅያኖስ ናቸው።»

«ሩቅ ነው» አሉ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም እያለቀስሁ «ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«እኔማ ያን ቀን ነው ይቅር ያልኩህ፤ እንግዳዬ ነህ» አሉኝ። «ግን የጮህከው ለእኔ ብቻ አይደለም። የጮህክበት ቦታ ያው አለ። ቀኑም ገበያ ነው። ሂድና በዚያው ድምፅ ተናገር።»

ወጣሁ። መንገዱ እንደዚያ ቀን በሰውና በአህያ ሞልቷል። ደብዳቤውን ወደ ላይ ይዤ፣ ከሆዴ አውጥቼ፣ «ያገሬ ሰው ስሙኝ፤ አደራዬ አልጠፋም። እትዬ ዘሃራ አደራዬን አላጠፉም። አሥራ ስድስት ሺህ ፊደል፣ አንድ ሳይጎድል፣ ባሕር ማዶ ደርሷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ሰው ከበበኝ። የምን ፊደል ነው የሚል ነበር፤ ሰውዬው ሙቀት መትቶታል የሚልም ነበር። ያን ቀን አፏን በነጠላዋ ይዛ የነበረችው ሴት ግን ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ስታመሰግን አየኋት። ደጋግሜ ጮህሁ፤ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህሁ።

እትዬ ዘሃራ በጣሳ ውሃ ይዘው መጡ። ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቁኝና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤት አመለከቱኝ።

«አንዴ ድገመው» አሉኝ። «የጀማል እናት አልሰማችም።»